ከመበየድ በፊት መለካት፦ የኋላ አክስልን ስለሚይዙ ዘንጎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው መኪና ሥር ገብቶ የተጋደመ ሰው ብቻ ስለሚያያቸው ጥቂት ዘንጎች ነው። የኋላውን አክስል ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት እነዚህ ዘንጎች ብዙ ነገር ይወስናሉ። ነዳጅ ሲሰጥ የመኪናው ኋላ ይቀመጥ ወይስ ይነሣ፣ ኩርባ ላይ የፊቱን ይከተል ወይስ ይሽሽ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው መሬት ይያዝ ወይስ ይዝለል፣ ሁሉም ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው። ዘንጉ ሲጎብጥ እናቃናዋለን፤ ጫፉ ላይ ያለው የላስቲክ ጎሚኒ ሲያልቅ እንቀይረዋለን። ዘንጉ የታሰረበት ነጥብ ለምን እዚያው ቦታ ላይ እንደተበየደ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ርእስ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ላንድክሩዘር 80ን፣ ፕራዶን፣ ኒሳን ፓትሮልን ከፍ ማድረግ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ረጅም ሞላና ረጅም ሾክ አብዞርበር ይገባል፤ መኪናው 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይወጣል። ነገር ግን ሞላው ሲረዝም በሻንሲው ላይ ያሉት ማሰሪያ ነጥቦች በሙሉ አብረው ከፍ ብለዋል፤ በአክስሉ ላይ ያሉት ደግሞ ባሉበት ቀርተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘንግ ዘሟል። ፋብሪካው አስልቶ ያስቀመጠው ሥዕል አሁን ሌላ ሥዕል ሆኗል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ አዲሱን ሥዕል ወረቀት ላይ ሳያወጣ ማንም ሰው ማሰሪያ ቆርጦ መበየድ የለበትም። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያም በእጃችን አለ፤ ቱንቢ፣ ሜትር፣ ጠመኔና ወረቀት ይበቃል።

እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር። ከመኪናው ተፈትቶ በምንም ያልተያዘ አክስል በስድስት መንገድ መንቀሳቀስ ይችላል። ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው እየወረደ ይጋደላል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሸሻል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ ጠመም ይላል። በመጨረሻም በራሱ ዙሪያ ይዞራል፤ ማለትም የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ይነሣል ወይም ይደፋል። ከእነዚህ የምንፈልገው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው፤ ጎማው ጉድጓድና ጉብታ እንዲከተል ያስፈልጉናል። የቀሩትን አራቱን ማገድ አለብን። ሁለቱ ጫፎቹ ላይ እንደ ልብ የሚዞር አንድ ዘንግ አንድ እንቅስቃሴ ያግዳል። ስለዚህ በሒሳቡ አራት ዘንግ ይበቃል።

ባሌስትራ ያለው መኪና ይህን ሥራ ሁሉ ለባሌስትራው ይሰጣል። የላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ኋላ እንዲህ ነው፤ ብረቱ ክብደቱንም ይሸከማል፣ አክስሉንም በቦታው ይይዛል። ሞላ ግን ክብደት ከመሸከም በቀር ሌላ ሥራ አይችልም። ሞላ የገባበት ጠጣር አክስል ሁሉ የግድ ዘንግ ይፈልጋል።

ለዚህ ጥሩ መማሪያ የሚሆነን የአዲስ አበባው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነው። የላዳ መነሻ የኢጣሊያው ፊያት 124 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተመረጠው ማለት ነው። በቶሊያቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ሲጀመር መኪናው ለሶቪየት ኅብረት ሸካራ መንገድ እንዲሆን ብዙ ነገሩ ተለውጦ ነበር፤ ከመሬት ያለው ከፍታ ጨምሯል፣ የኋላው ዲስክ ፍሬንም በታንቡር ፍሬን ተተክቷል። ከላዳው ሥር ገብታችሁ ወደ ኋላ ብታዩ አምስት ዘንጎች ታገኛላችሁ። ከታች በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ከአክስሉ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ከእነሱ በላይ ሁለት አጫጭር ዘንጎች አሉ። አምስተኛው አግድም ተዘርግቶ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ ይህን ዓይነቱን ዘንግ በፈረንሳዩ መኪና አምራች ስም ፓንሃርድ ይሉታል። የላንድክሩዘር 80ም የኋላ አሠራር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ አራት በቁመት፣ አንድ በአግድም።

አራት ይበቃል ካልን አምስተኛው ከየት መጣ? ትርፉ እገዳ የት ገባ? መልሱ ጎሚኒው ውስጥ ነው። የላይኛውና የታችኛው ዘንግ እኩልና ትይዩ ቢሆኑ አክስሉ ሲጋደል በግራና በቀኝ መካከል ጠብ የለም ማለት ይቻላል። ዘንጎቹ ወደ ፊት እየተቀራረቡ የሚሄዱ ከሆነ ግን ጎማው የወጣበት ወገን አክስሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ሊያዞረው ይፈልጋል፤ የወረደበት ወገን ደግሞ ወደ ተቃራኒው። የአክስሉ ቱቦ ብረት ስለሆነ አይጠመዘዝም፤ የሚሸነፈው ላስቲኩ ነው። ጎሚኒውን አውጥቶ ደረቅ ፖሊዩረቴን፣ ወይም ደግሞ የብረት ኳስ ያለበት መጋጠሚያ በአምስቱም ዘንጎች ላይ ማስገባት ይህን መሸነፊያ ያሳጣዋል። ኃይሉ ከዚያ በኋላ የሚሄደው ወደ ብየዳው ነው። ማሰሪያዎች ከሥራቸው ሲሰነጠቁ፣ ሻንሲው ሲቀደድ የምናየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራ መጋጠሚያ የግድ ያስፈልገኛል የሚል ሰው ዘንጎቹን አራት ያድርጋቸው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ማስታንግ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት፣ በአግድም አንድ አድርጎ ልክ አራት ላይ አቁሞታል። ከዚያ በፊት በነበሩት፣ ሞላና ጠጣር አክስል ባላቸው ማስታንጎች የላይኞቹ ሁለቱ ዘንጎች በሰያፍ ስለሚሄዱ የጎኑንም ሥራ ራሳቸው ይሠሩት ነበር፤ ፓንሃርድ አያስፈልጋቸውም።

ጎሚኒ ከተነሣ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። በጎሚኒው መካከል የብረት እጅጌ አለ። ዳዶው ሲጠብቅ እጅጌው በማሰሪያው ሁለት ጆሮዎች መካከል ተጨምቆ ይያዛል፤ ዘንጉ ከዚያ በኋላ የሚወጣውና የሚወርደው ላስቲኩ እየተጠመዘዘ ነው። እንግዲህ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶውን ብናጠብቀው ላስቲኩ ያንን የተንጠለጠለ ቦታ ማረፊያው አድርጎ ይይዛል። መኪናው ወርዶ በአራት ጎማው ሲቆም፣ ገና አንድ ሜትር ሳይሄድ ላስቲኩ ተጠምዝዟል። ጉድጓድ ሲገባ ተጨማሪ ይጠመዘዛል፤ ብዙም ሳይቆይ ይተረተራል። ደንበኛውም ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ ሻጩን ያማርራል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኖቹን ሁሉ አስገብቶ ዳዶውን በእጅ ብቻ ማስያዝ፣ መኪናውን በጎማው ላይ አውርዶ ከኋላ ጫን ጫን እያደረጉ ማነቃነቅ፣ ከዚያ ሥር ገብቶ ማጥበቅ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሥራው ላይ የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መኪናውን ከጎን ሆናችሁ እዩት። የታችኛውን ዘንግ መስመር ከአክስሉ ማሰሪያ ጀምራችሁ በሻንሲው ማሰሪያ በኩል ወደ ፊት አስረዝሙት። የላይኛውንም እንዲሁ። ሁለቱ መስመሮች የሆነ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ይህን ቦታ ቅጽበታዊ ማዕከል እንለዋለን። እዚያ ቦታ ላይ የሚዳሰስ ብረት የለም፤ ባዶ አየር ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አክስሉ በዚያች ቅጽበት ልክ በር በማጠፊያው እንደሚዞር በዚያ ነጥብ ዙሪያ ይዞራል። ቅጽበታዊ የተባለውም አክስሉ ከፍና ዝቅ ሲል መገናኛው ቦታውን ስለሚቀይር ነው።

ከኋላ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ተነሥታችሁ በዚህ ማዕከል የሚያልፍ ሦስተኛ መስመር አውጡ፤ የፊት አክስል ካለበት ቀጥታ በላይ እስኪደርስ ሳቡት። የደረሰበትን ቁመት ከመኪናው የክብደት ማዕከል ቁመት ጋር አነጻጽሩ። እኩል ከሆነ 100 በመቶ ነው፤ ግማሹ ከሆነ 50 በመቶ። በሙያው አንቲ-ስኳት የሚባለው ልክ ይህ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ክብደት ወደ ኋላ ይዛወራል። የሚዛወረው መጠን በክብደት ማዕከሉ ቁመት፣ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ባለው ርቀትና በፍጥነቱ ጭማሪ ይወሰናል፤ ዘንጎቹ ይህን መጠን አይለውጡትም። ዘንጎቹ የሚወስኑት የተዛወረው ጫና ምን ያህሉ በእነሱ በኩል፣ ምን ያህሉ በሞላው በኩል እንደሚያልፍ ነው። 100 በመቶ ላይ ሁሉም በዘንጎቹ ያልፋል፤ ሞላው አይጨመቅም፣ ኋላውም አይቀመጥም። ከ100 ሲያልፍ የመኪናው ኋላ ወደ ላይ ይነሣል።

በቁጥር እንየው። ሰሌዳው ላይ የምሥለው መኪና የፊትና የኋላ አክስሉ ርቀት የላንድክሩዘር 80 ነው፤ 2850 ሚሊ ሜትር። የማሰሪያ ነጥቦቹን ቁጥር ግን ለሒሳቡ እንዲመች እኔ መርጫቸዋለሁ፤ የራሳችሁን መኪና ራሳችሁ ትለካላችሁ። የታችኛው ዘንግ በአክስሉ በኩል ከመሬት 300፣ ከዚያ 600 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሄዶ በሻንሲው በኩል 330 ላይ ታስሯል። የላይኛው በአክስሉ በኩል 560፣ ከዚያ 500 ወደ ፊት ሄዶ በሻንሲው በኩል 510 ላይ ነው። የክብደት ማዕከሉ 750 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። መስመሮቹ ከኋላ አክስሉ 1733 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ ከመሬት 387 ከፍታ ላይ ይገናኛሉ። ሦስተኛው መስመር የፊት አክስሉ ጋ ሲደርስ 636 ላይ ነው። 636ን ለ750 ስናካፍል 85 በመቶ ገደማ እናገኛለን። ለመንገድም ለገጠርም ለሚሄድ መኪና መልካም ቁጥር ነው።

አሁን 100 ሚሊ ሜትር እናንሣው። የሻንሲው ነጥቦች 430 እና 610 ሆኑ። የአክስሉ አልተነቃነቁም። የክብደት ማዕከሉ ከፍ ብሎ 840 ደረሰ እንበል፤ አክስሉና ጎማው ባሉበት ስለቀሩ ሙሉውን 100 አይጨምርም። ዘንጎቹ ሲዘሙ የሚመጣውን ጥቂት የርዝመት ልዩነት ትተን ስናሰላው መገናኛው ወደ ፊት ርቆ፣ ወደ ላይ ወጥቶ 783 ከፍታ ላይ ይገኛል። መስመሩ የፊት አክስሉ ጋ ሲደርስ 1001 ነው። ይህም 119 በመቶ ነው። ሞላ ብቻ ቀይረናል፤ አንድም ብየዳ አልነካንም፤ መኪናው ግን ነዳጅ ሲሰጠው ኋላው ይቀመጥ የነበረው አሁን የሚነሣ ሆኗል። ጭቃማ ዳገት ላይ ጎማው መዝለል ይጀምራል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ በነዳጅ ጊዜ ጎማውን ወደ መሬት የተጫነው ጂኦሜትሪ በፍሬን ጊዜ ጎማውን ለቅጽበት ያቀልለዋል። ጣርማበርን ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው ኋላው ሲንቀጠቀጥና ሲዘል ምክንያቱን ከፍሬን ሸራው ብቻ መፈለግ የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ የታችኛውን ዘንግ የሻንሲ ማሰሪያ በላሜራ አስረዝሞ ዝቅ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ጥያቄው በስንት የሚለው ነው። በ60 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብናደርገው ሁለቱ ዘንጎች ትይዩ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፤ መገናኛው 15 ሜትር ከሚበልጥ ርቀት ላይ ይሄዳል። አንቲ-ስኳቱ ከ119 ወርዶ 46 ይሆናል። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ኋላው የሚወድቅ መኪና ሠራን ማለት ነው። በ25 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ብናደርገውስ? 89 በመቶ፤ ፋብሪካው ካስቀመጠው ብዙም አይርቅም። በ25 እና በ60 መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ጣት ስፋት ነው። በዓይን ግምት የሚበየድ ማሰሪያ ይህን ልዩነት ሊለየው አይችልም። እኔ በግሌ ቤተሰብና ጭነት ለሚያመላልስ መኪና ከ100 በታች መቆየትን አጥብቄ እመክራለሁ።

ይሁንና 25 ሚሊ ሜትሩ አንዱን በሽታ ቢያድንም ሌላውን ይተወዋል። ኩርባ ላይ ስንዞር በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ሻንሲው ይጠጋል፤ በውስጥ በኩል ያለው ይርቃል። ዘንጉ ወደ ፊት እየወጣ የሚሄድ፣ ማለትም የሻንሲው ጫፍ ከአክስሉ ጫፍ ከፍ ያለ ከሆነ የውጩ ጎማ ከፍ ሲል ወደ ኋላ ይገፋል፤ የውስጡ ሲወርድ ወደ ፊት ይሳባል። ስለዚህ አክስሉ ራሱ እንደ መሪ ይዞራል፤ የሚዞረውም የመኪናውን ኋላ ወደ ውጭ በሚገፋ አቅጣጫ ነው። በምሳሌያችን አንዱ ጎማ 50 ሚሊ ሜትር ቢወጣና ሌላው 50 ቢወርድ፣ በፋብሪካው ሥዕል የታችኞቹ ዘንጎች ጫፎች በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያሉ። በተነሣው መኪና ላይ ግን ልዩነቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ከፍ ካደረግነው ወዲህ መኪናው አስፋልት ላይ ይዋልላል፣ መሪው ልብ አይሰጥም የሚሉ አሽከርካሪዎች አሉ፤ የፊት ጎማ አላይመንት ደጋግመው አሠርተው ያልተፈወሱም አሉ። ያማረሩት ከፊት ነው፤ ሕመሙ ከኋላ ነው።

ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ፤ ሥራው ግን ይበዛል። የታችኛውን ዘንግ የሻንሲ ማሰሪያ በ60 ዝቅ እናድርገው፤ የላይኛውን ዘንግ የአክስል ማሰሪያ ደግሞ በ60 ከፍ እናድርገው፤ ከ560 ወደ 620። የታችኛው ዘንግ ዝማሜ ከ12 ዲግሪ ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ አንቲ-ስኳቱም 83 በመቶ ላይ ይቀመጣል። አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በአክስሉ ላይ በላይኛውና በታችኛው ዘንግ መካከል ያለው ርቀት ከ260 ወደ 320 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ይህ ርቀት ለምን ዋጋ እንዳለው ላሳያችሁ።

ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሬቱን በ1000 ኪሎ ግራም ኃይል ወደ ኋላ ይገፋሉ እንበል፤ በከባድ ማርሽ ዳገት ለሚወጣ መኪና ብዙ የሚባል አይደለም። ኃይሉ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ዘንጎቹ ደግሞ ከመሬት ከፍ ብለው ነው ያሉት። በመሆኑም የአክስሉ ራስ ወደ ኋላ ሊዞር ይፈልጋል፤ የላይኞቹ ዘንጎች ይወጠራሉ፣ የታችኞቹ ይጨመቃሉ። በ260 ሚሊ ሜትር ርቀት የላይኞቹ ጥንድ 1150 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የታችኞቹ ጥንድ 2150 ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማሉ። አንድ ሺህ የገፋ ጎማ ከሁለት ሺህ በላይ ጫና ማሰሪያው ላይ አሳረፈ ማለት ነው። በ320 ርቀት የላይኞቹ ወደ 940፣ የታችኞቹ ወደ 1940 ይወርዳሉ። ርቀቱን ወደ 130 ብናጠበው ግን የታችኞቹ ጫና 3300 ይደርሳል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፤ የተወጠረው ይጨመቃል፣ የተጨመቀው ይወጠራል። ማሰሪያ የሚበይድ ሰው በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደሚገፋና እንደሚጎተት አስቦ ይበይድ። አንድ ጠፍጣፋ ላሜራ ጠርዙን ብቻ አስይዞ መተው አይበቃም፤ በሁለት ወገን ጆሮ፣ በመካከል ድጋፍ፣ በሻንሲው ላይ ጫናውን የሚያሰፋ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። የታችኛው ዘንግ ደግሞ በግፊት የሚሠራና ድንጋይ የሚመታው ስለሆነ ቱቦው ወፍራም ይሁን።

በአሜሪካ ለአጭር ርቀት እሽቅድምድም የሚሠሩ መኪናዎች ማሰሪያዎቻቸው ላይ በተርታ የተበሱ ብዙ ቀዳዳዎች አሏቸው። ተወዳዳሪው ብሎኑን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እያዛወረ ቅጽበታዊ ማዕከሉን ያቀርባል፣ ያርቃል፣ ያወጣል፣ ያወርዳል። የአንድ ቀዳዳ ለውጥ መገናኛውን በብዙ አሥር ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። የእነሱ ፍላጎት ከመነሻው መስመር ላይ ጎማውን መሬት ላይ መትከል ብቻ ነው፤ ኩርባም ቁልቁለትም የለባቸውም። ስለዚህ ቁጥራቸውን ቀድተን ወደ እኛ መኪና ማምጣት ጉዳት አለው። አሠራራቸውን፣ ማለትም በወረቀት አስልቶ መሄድን ግን ልንወስድ ይገባል።

የዲፈረንሻሉን አፍንጫ አንርሳ። በምሳሌያችን መኪናው በ100 ሚሊ ሜትር ሲነሣ የታችኛው ዘንግ ስለዘመመ በአግድም አጥሯል፤ የአክስሉን ታች 13 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ስቦታል። የላይኛው ዘንግ 50 ዝቅ ይል የነበረው 50 ከፍ ስላለ ርዝመቱ አልተለወጠም። ውጤቱ አፍንጫው 3 ዲግሪ ቀና ማለቱ ነው። ሁለት ተራ ክሮቼራ ያለው ካርዳን ሳይንቀጠቀጥ እንዲዞር በሁለቱም ጫፎች ያለው ማዕዘን እኩል መሆን አለበት፤ የካምቢዮው መውጫና የአፍንጫው መስመር ትይዩ ይሁኑ ማለት ነው። ከፊት በኩል ድርብ ክሮቼራ ያለው ካርዳን ከሆነ ግን አፍንጫው ቀጥታ ወደ ካርዳኑ ማየት አለበት። በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይ የሚጀምር ንዝረት ሲገጥማችሁ ካርዳኑን ባላንስ ከማስደረጋችሁ በፊት ማዕዘኖቹን ለኩ። ባለ ሁለት 60ው መፍትሔያችን ይህን 3 ዲግሪ ወደ 1 ያወርደዋል፤ የቀረውን የሚስተካከል የላይኛ ዘንግ ይጨርሰዋል።

ስለ ፓንሃርዱ በአጭሩ ልናገር። ረጅምና መኪናው በቆመበት ጊዜ አግድም የተኛ ይሁን። 900 ሚሊ ሜትር የሆነ አግድም ዘንግ አክስሉ 75 ሲወርድ ወደ ጎን የሚስበው 3 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናው በ100 ተነሥቶ ዘንጉ ከዘመመ በኋላ ግን ያው 75 ተጨማሪ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይስበዋል። የሚስተካከል ዘንግ መግዛት አክስሉን መሃል ያስገባዋል፤ ዝማሜውን ግን አያቃናም። የሚያቃናው የአክስሉን ማሰሪያ ከፍ ማድረግ ነው። ጄምስ ዋት ለእንፋሎት ሞተሩ የቀየሰውና እ.ኤ.አ. በ1784 ፓተንት ያገኘበት የዘንጎች ቅንብር ይህን የጎን መሳብ ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል፤ ቦታና መጋጠሚያ ስለሚበዛበት ግን በእኛ አቧራ ውስጥ እኔ ፓንሃርዱን እመርጣለሁ።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናው ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ይቁም፤ በውሃ ልክ አረጋግጡ። የጎማው ንፋስ ልክ ይሁን፤ ሁልጊዜ የሚይዘው ጭነት ይጫንበት። ባለቤቱ ሁልጊዜ ከጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጭን ከሆነ ባዶውን የለካችሁት መኪና የእሱ መኪና አይደለም። ከእያንዳንዱ ብሎን መካከል ቱንቢ ጥላችሁ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ የኋላ ጎማውንም መካከል እንዲሁ። ከጎማው መካከል እስከ ምልክቱ ያለውን ርቀት፣ ከወለሉ እስከ ብሎኑ ያለውን ቁመት መዝግቡ። በአንድ ወገን አራት ነጥብ፣ በሁለቱ ስምንት። ግራና ቀኙ የማይገጥም ከሆነ ዘንግ ጎብጧል፣ ሞላ ደክሟል ወይም ሻንሲው ተመቷል፤ ያ ሳይታከም ወደ ሌላ አትሂዱ። ከዚያ ባለ መስመር ወረቀት ላይ አንድ አሥረኛ አድርጋችሁ ሣሉት። የክብደት ማዕከሉን ቁመት በትክክል ለማወቅ መኪናውን በአንድ ወገን ከፍ አድርጎ ሚዛን ላይ መመዘን ይጠይቃል፤ ከመነሣቱ በፊትና በኋላ ያለውን ለማነጻጸር ግን በጥንቃቄ የተወሰደ ግምት ይበቃል። ሞላውን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከገባ በኋላ አንድ ጊዜ ለኩ። አዲሱን ማሰሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ አስይዛችሁ ሞላውን አውጡና አክስሉን በክሪክ ከታች እስከ ላይ አስኪዱት፤ ዘንጉ የሚነካው ነገር፣ ካርዳኑ የሚቆለፍበት ቦታ፣ የፍሬን ቱቦ የሚወጠርበት ቦታ ያኔ ይታያል። ሙሉው ብየዳ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

መምህራን ሆይ፤ ይህ ሥራ የትሪጎኖሜትሪ ትምህርት ነው። ተማሪዎቻችሁ ላዳ ሥር ገብተው ስምንት ነጥብ ለክተው፣ ሥዕሉን አውጥተው፣ ቅጽበታዊ ማዕከሉን አግኝተው ቢመጡ የቀጥታ መስመር እኩልታን ከሰሌዳ ላይ ከሚያገኙት በተሻለ ያገኙታል።

የጋራዥ ባለቤቶች፤ የመኪናውን የኋላ ቁመት በቀየራችሁ ቁጥር የነጥቦቹን ቁመት ከሥራው በፊትና በኋላ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት ለደንበኛው ስጡ፤ ቀንና ፊርማችሁን አኑሩበት። ባለንብረቶችም ወረቀቱን ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት። መኪናችሁን ከፍ ልታስደርጉ ስትሄዱ ከዋጋው በፊት ይህን ወረቀት ጠይቁ፤ ሊለካ የማይፈልግ ሰው ሻንሲያችሁን እንዲቆርጥ አትፍቀዱ።